የተራበ ሕዋስ ምን ይበላል

ከጅማ የወጣሁት የማለዳው ሱብሒ ሶላት ተሰግዶ እንዳበቃ ነው፤ አባዬ ሻንጣዬን ተሸክመው ከሰፈራችን ከጊንጆ ጉዱሩ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ። የጤና ተማሪ ነበርኩ፤ ደርግ የክፍል ጓደኞቼን እየለቀመ ሲያስር ተራዬ እስኪደርስ አልጠበቅኩም። በሱዳን አድርጌ ጀርመን ገባሁ። እዚህ ዝናቡ እንደ ጅማ ዘንቦ አያባራም፣ ቀኑን ሙሉ ያካፋል። ዳቧቸው ጥርስ ያወልቃል፤ ማራቸውም እዚያው ጅማ አጠገብ ያለችውን የሰቃን ማር አያክልም። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛልና ቀና ብዬ ነበር የምሄደው።

የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እነሱ አውፍኤንትሃልት የሚሉት፣ በአንድ ፈተና ላይ ተንጠለጠለ። ከወደቅኩ ወደ አገሬ፣ ማለትም ወደ እስር ቤት። የስደተኞች ሹሙ ምን እንደማጠና ጠየቀኝ። ሕዋስ ሲርበው የራሱን አካል እንዴት እንደሚበላ ነው አልኩት።

«ይህን ለማወቅ ከኢትዮጵያ ድረስ መምጣት ያስፈልጋል?» አለኝ።

«ረሃቡን እዚያም አውቀዋለሁ፤ የመጣሁት ለማይክሮስኮፑ ነው።»

አልሳቀም።

ፈተናው የቃል ነበር፤ ያውም በረመዳን፣ ፀሐይ አልጠልቅ በምትልበት በጋቸው። ፕሮፌሰሩ የተራበች አይጥ ጉበት ፎቶ አሳየኝ። ሕዋሱ ውስጥ ትንንሽ ከረጢቶች የሕዋሱን የራሱን ክፍሎች ውጠዋል። እየሞተ ነው ወይ አለኝ። ከእኔ በፊት የገባው ልጅ ለዚሁ ጥያቄ አዎ ብሎ መውደቁን ሰምቼ ነበር። እኔ ግን የአናጢ ልጅ ነኝ። አባዬ ጣውላ ሲጠፋ የተሰበረ ወንበር ፈትተው ከእንጨቱ አዲስ ይሠራሉ።

«እየሞተ አይደለም» አልኩት። «ያረጀውን ጠቅልሎ ይፈጨዋል፤ ከዚያው አዲስ ክፍል ይሠራል፣ ጉልበትም ያገኛል። የሚያሳምመው ይህ ሥራ ሲቆምና ቆሻሻው ሲከማች ነው።»

የአባዬን ወንበርም ጨመርኩለት። ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብሎ አሳለፈኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጾም አፌ ኮራሁ።

ፈቃዱ ሲታደስልኝ ጅማ ቴሌ ደወልኩ፤ አባዬና እማዬ በቀጠሮ መጥተው ይጠብቁኝ ነበር። ሁሉን ለአባዬ አወራሁላቸው።

«አልሀምዱሊላህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አኮራኸኝ» አሉኝ። አጠገባቸው ላለው ሁሉ በኦሮምኛ ሲያስረዱ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቆይ ልጄ፣ ምግቡ ከውጭ ካልመጣለትስ? የራሱን እየበላ እስከ መቼ ይቆያል?»

የጠየቁኝ ስለ ሕዋሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። የትምህርት መጽሐፌ ብዙ አይቆይም ይላል። እኔ ግን «ይመጣለታል፣ አባዬ» አልኳቸውና የእማዬን ድምፅ እንዲያሰሙኝ ለመንኳቸው።