ጉና ላይ ያልተረጎምኩት ቃል

ባለፈው ወር ውድነሽ ስልክ ደወለችልኝ። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ ለምን እንደደወለች ገባኝ። "የአባባ ተዝካር እሁድ ነው። ለቀብሩ አልደረስህም፤ ለዚህ እንኳ ድረስ" አለችኝ። አባቷ አያ ታከለ ከክምር ድንጋይ ከተማ ከፍ ብሎ፣ ጉና ተራራ ግርጌ ባለ መንደር ገብስና ድንች እያመረቱ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። ሞታቸውን የሰማሁት ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ታጥፎ በአንበሳሜ በኩል ወጣ። የገበያ ቀን ስለነበር አንበሳሜ ላይ በአህያና በጌሾ ጭነት መሐል ቆመን ብዙ ጠበቅን። ደብረ ታቦርን አልፈን ቀዝቃዛው ነፋስ በመስኮት ሲገባ ጋቢዬን እስከ አገጬ ሳብኩና ጉናን ቀና ብዬ አየሁት። በወጣትነቴ እዚያ ላይ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከአራት ሰው በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን የውጭ አገር ሰዎች እንደገና መምጣት ጀምረዋል። እኔ ደብረ ታቦር የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ባሕር ዳር ያለ አንድ አስጎብኚ፣ ወፍ ለማየት የመጡ ሁለት እንግዶችን ጉና እንዳደርስለት ጠየቀኝ። "ከተደሰቱ ሁልጊዜ አንተን ነው የምጠራህ" አለኝ። ስለ ወፍ የማውቀው ነገር አልነበረም። "የተወለድኩበት አገር ነው፤ አንድም ወፍ አይቀረኝ" አልኩት።

እንግዶቹ እህትና ወንድም ናቸው። ሩት ስልሳ ዓመት አልፏታል፤ ቀጭን ናት፣ አንድ ጉልበቷን ታነክሳለች። ታናሿ ፒተር ብዙ አይናገርም፤ የሩቅ ማሳያ መነጽሩ ከአንገቱ አይወርድም። ሳምንቱን በጣና ዳርና በዋንዛዬ ፍል ውኃ አካባቢ ወፍ ሲያዩ ከርመዋል። አሁን የቀራቸው አንድ ወፍ ነው፤ አገጩ ሥር ጥቁር ጢም ያለው፣ አጥንት ይዞ ሽቅብ ከወጣ በኋላ ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ ጥንብ አንሳ። ሩት ከልጅነቷ ጀምሮ በሥዕል ብቻ ነው የምታውቀው። ዕድሜዋን ሁሉ የታመመች እናቷን ስታስታምም ኖራ፣ እናቷ ስታርፍ የመጀመሪያ ጉዞዋን ወደኛ አደረገች።

ያረፍነው አያ ታከለ ቤት ነው። በቅሎ ስለነበራቸውና ተራራውን እንደ ጓሯቸው ስለሚያውቁት ሰው ሁሉ ወደሳቸው ይመራ ነበር። ባለቤታቸው ትኩስ ድንች ቀቅለው ከአዋዜ ጋር አቀረቡልን። ሩት ልጣጩን እየላጠች ጣቷን ስታቃጥል፣ ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረችው ውድነሽ ሳቋን መያዝ አቃታት።

በማግስቱ የመስቀል ዋዜማ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የገብሱ ማሳ ጤዛ አዝሎ ያብለጨልጫል። በቅሎዋ ተጭናለች፤ እኔ ከሁሉም በላይ ቸኩያለሁ። አያ ታከለ ግን ከበራፉ ቆመው ተራራውን ሲያዩ ቆዩ። ከገደሉ አፍ አንዲት ነጭ ደመና ተለጥፋለች።

"ልጄ፣ ይች ነገር አላማረችኝም" አሉኝ። "ከቀትር በፊት ጉም ይወርዳል። ጉና ላይ ጉም ከወረደ ገደሉና ሜዳው አይለይም። ንገራቸው፣ ዛሬ እዚሁ ይዋሉ። ነገ ለመስቀል በሬ ይጣላል፤ አጥንቱ ሜዳ ሲወጣ ወፉ ራሱ ይመጣል።"

ሩት ወደኔ ዞረች። "ምን ይላሉ?"

እንግዶቹ በነጋታው ከቀትር በኋላ ይመለሳሉ። ወፉ ባይመጣስ? ባሕር ዳር ያለው ሰው ምን ይለኛል? ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለፈብኝ።

"ቀኑ ጥሩ ነው፣ በጊዜ እንውጣ ይላሉ" አልኳት። ፊቷ በራ።

ወደ አያ ታከለ ዞርኩ። "የለም፣ እንሂድ ብለዋል።"

ሽማግሌው ሩትን አዩዋት፤ እኔን አዩኝ። "እንግዳ ካለ እንግዲህ" አሉና የበቅሎዋን ልጓም ያዙ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያ ጠዋት ካየኋቸው ጠዋቶች ሁሉ ያማረ ነበር። ጋጋኖዎች እየተንጫጩ በላያችን አለፉ። ከገብሱ ማሳ በላይ የአስታው ቁጥቋጦ፣ ከአስታው በላይ የጓሳው ሣር፣ በጓሳው መሐል ሰው የሚያክል ጅባራ ቆሟል። ከጅባራው አበባ ላይ አንዲት ጣት የምታክል ወፍ ማር ስትመጥ ሩት ስሟን ጠየቀችኝ። ስም ፈጠርኩላት። በማስታወሻዋ ላይ ስትጽፈው ትንሽ አፈርኩ፤ ግን አላረምኳትም። በዚያ ዕድሜ "አላውቅም" ማለት ሞት ይመስለኝ ነበር።

አምስት ሰዓት ገደማ ከገደሉ አናት ደረስን። ሩት ከበቅሎ ወርዳ፣ ጓሳው ውስጥ የምትሮጥ አንዲት ቡናማ ወፍ ተከትላ ዝቅ ብላ ሄደች። እኔ ፒተርን ይዤ ቋጥኝ ላይ ወጣሁ። ከሥራችን ነጭ ነገር ሲፈላ አየሁ። አያ ታከለ "ተሰብሰቡ!" ብለው ሲጮሁ ሰማሁ፤ ቃሉ ሳያልቅ ጉሙ ዋጠን። የዘረጋሁት እጄ አልታየኝም።

ፒተር እህቱን ጠራ። መልስ የለም። ሊሮጥ ሲል አያ ታከለ ከየት መጡ ሳይባል ክንዱን ጨመደዱት። ከዚያ ወደኔ ተጠጉ፤ ትንፋሻቸው ፊቴ ላይ ተሰማኝ።

"ባለችበት ቁጭ ትበል። አንድ እርምጃ እንዳትጨምር። በቋንቋዋ ጮኸህ ንገራት፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ።"

ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። ያንኑ ቃል ደጋግሜ። ዝም። እንደገና። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ እናቴንና የሰፈራችንን ታቦት እያከታተልኩ ስጠራ ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ ከቁልቁለቱ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ "ተቀምጫለሁ።"

አያ ታከለ የበቅሎዋን የጭነት ገመድ ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ጫፉን ለኔና ለፒተር ሰጡን። በእጃቸው መሬቱን እየዳሰሱ ወረዱ። ገመዱ እየተሳበ፣ እየላላ፣ እየተሳበ ሄደ። እሷን ይዘው ሲመለሱ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። የተቀመጠችው ከገደሉ አፍ ሁለት ክንድ ርቃ ነበር። ድምፄን ስትሰማ አንድ እግሯን አንሥታ እንደነበር ነገረችን።

ከቀትር በኋላ ቤት ደረስን። የአያ ታከለ ባለቤት ውኃ አሙቀው የሩትን እግር ያሹ ጀመር። እኔ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ሽማግሌው በቅሎዋን በጭድ ሲያሹ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

"አያ፣ እንሂድ ያሉት እነሱ አይደሉም። እርስዎ ያሉኝን አልነገርኳቸውም። እኔ ነኝ።"

"አውቄዋለሁ" አሉ፣ እጃቸውን ሳያቋርጡ። "ስትነግራት ፊቷ በራ። አትሂጂ የተባለ ሰው ፊቱ እንዲህ አይበራም።"

"ታዲያ ለምን ወጡ?"

እጃቸውን አቆሙ። "እንግዳ ፊት ላዋርድህ አልፈለግሁም። ጉሙም ይዘገይ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። የኔም ጥፋት አለበት።" ጭዱን ጣል አደረጉና "ለሷ ግን አንተው ንገራት። እኔ አፍ የለኝም፤ አፌ አንተ ነህ" አሉኝ።

ገብቼ ነገርኳቸው። ፒተር ፊቱ ቀልቶ ተነሥቶ ወጣ። ሩት እግሯ ውኃ ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ "ከአሁን ጀምሮ የሚሉትን ሁሉ ንገረኝ፤ ደስ የማይለኝንም" አለች። ያኔ የውሸት ስም ያወጣሁላትን ወፍም ነገርኳት። ማስታወሻዋን አውጥታ ሰረዘችው።

በመስቀል ዕለት በሬው ተጣለ፤ አጥንቱ ሜዳ ወጣ። ሩት ጭድ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ድንጋይ ላይ ሰቅላ ጠበቀች። ሦስት ሰዓት ላይ ከገደሉ በኩል አንድ ጥላ ማሳውን አቋርጦ መጣ። ክንፉ እንደ በር ሰፊ፣ ደረቱ የዛገ ብረት የመሰለ። አንድ ጭን አጥንት አንሥቶ ዞሮ ዞሮ ወጣ፤ ለቀቀው። አጥንቱ ከድንጋዩ ላይ ሲሰበር ድምፁ ከኛ ደረሰ። ሩት መነጽሯን አላነሣችም። በባዶ ዓይኗ እያየች እንባዋ ይወርድ ነበር። አያ ታከለ ስለ ወፉ ያወሩትን ሁሉ፣ የማያውቁትንም "አላውቅም" ሲሉ፣ ቃል በቃል ነገርኳት።

ሲሄዱ ፒተር አያ ታከለን አቅፎ ተሰናበተ፤ እኔን አልጨበጠኝም። ከባሕር ዳርም ሁለት ዓመት ማንም አልጠራኝም። ይገባኛል። ኋላ ግን ሥራው ሥራዬ ሆነ፤ ሃያ ዓመት ያህል ሰው ይዤ ጉና ወጣሁ፤ አያ ታከለን ሳልጠይቅ አንድም ቀን አልወጣሁም።

እሁድ ዕለት ዳሱ ሞልቶ ነበር። ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሰው ጠላውን እየጠጣ ስለ ሟቹ ሲያወራ፣ አንድ የዕድሜ እኩያቸው ሳቅ ብለው "ታከለ ሰማይ አይቶ የሳተው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ፈረንጆቹን ጉና ያወጣ ዕለት!" አሉ። ሰው ሳቀ። "ስንጠይቀው 'ጉሙ ሸወደኝ' ይለን ነበር። ስንት ዓመት አሾፍንበት!"

ዋንጫዬን ይዤ ቀረሁ። ይህን አላውቅም ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም። ገበሬ የሚከበረው ሰማይ በማወቁ በሆነበት አገር፣ መሳቂያ የሆኑት በኔ ፈንታ ነው።

ተነሣሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ውድነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "አባባ ለእማማም አልነገሯትም" አለች።

ያሾፉት ሽማግሌ ጠላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ወደ ሰዉም ዞሩ።

"እንዲያ ከሆነ አንድም ቀን አልሳተም" አሉ።

ወደ ባሕር ዳር ስመለስ በመንገዱ ሁሉ ያን አባባል ለራሴ ስደግመው ነበር። ሰው ላደረገልኝ ነገር ማመስገን የምችለው እሱ በሕይወት እያለ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እንዲያ አይመስለኝም። ዘግይቼም ቢሆን ስማቸውን በጎረቤቶቻቸው ዘንድ መልሻለሁ፤ ለተዝካሩ የጠራችኝን ውድነሽንም አመሰግናለሁ።