የጎደሉት አራት ወረቀቶች

ይህ የሆነው ጭሮ ተመድቤ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ዛሬም ወረቀት ስቆጥር ትዝ ይለኛል፤ አፍራለሁ።

ለፈተና ከትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል አራት ደስጣ ወረቀት ወሰድኩ። አንድ ደስጣ ሃያ አምስት ቅጠል ነው፣ ተማሪዎቼ ደግሞ መቶ። መጠቅለያውን ገፍፌ ሳድል ግን አራት ልጆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከደብተራቸው ቀድደው ተፈተኑ።

በማግስቱ ሌላ ደስጣ ወስጄ ፈታሁ፤ መጠቅለያውን መሳቢያዬ ውስጥ ጥዬ ቆጠርኩ። ሃያ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ሃያ አራት።

ንብረት ክፍሉን የሚይዙት ሐጂ ዑስማን ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው። ወረቀት ሲቆጥሩ በር ይዘጋሉ። ይባስ ብሎ ሴት ልጃቸው መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔም ልመነጠር አልፈለግሁም። መታወቂያ ኮፒ የማስደርግ መስዬ ሄድኩና ወረቀቷን በጣቴ ዳሰስኩት። የእኛው መሰለኝ። ወረቀት ከወረቀት በምን እንደሚለይ ግን አላውቅም ነበር።

ተናድጄ ተመለስኩ። ከመሳቢያዬ አንድ አቧራ የነካው ወረቀት መዘዝኩና «ሐጂ ዑስማን ከየደስጣው አንድ አንድ ይሰርቃሉ» ብዬ ለርዕሰ መምህሩ ጻፍኩ። ከጡረታቸው በፊት በሌብነት ሊባረሩ እንደሚችሉ አውቅ ነበር።

ሁለታችንም ተጠራን፤ እኔ የፈታሁትን ደስጣ ለማስረጃ ይዤ ገባሁ። ሐጂ ክሱን አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን በድሮው እጥፋቱ አጠፉት፤ በፈታሁት ደስጣ ላይ ሲያለብሱት ልክክ አለ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ወላሂ፣ ሃያ አምስት ነው የሰጠሁሽ። አገራችን አቧራ ነው፤ ሃያ አራቱን በአንዷ እጠቀልላለሁ። በር የምዘጋውም ነፋሱ ወረቀቱን እንዳይበትንብኝ ነው። ነባሮቹ መምህራን ይህን ያውቃሉ። አንቺ አዲስ ነሽ፣ አለመንገሬ የእኔ ጥፋት ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የጎደለችው ወረቀት፣ ሌባ ናቸው ብዬ የጻፍኩባት ራሷ ነበረች።

ርዕሰ መምህሩ ክሱን ሊቀድዱት ሲሉ ሐጂ ከለከሏቸው። «ጀርባዋ ንጹሕ ነው፤ ተማሪ ይፈተንባታል» ብለው ወረቀቷን መለሱልኝ።

ለማንም ተማሪ አልሰጠኋትም። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ሐጂ በሰላም ጡረታ ወጥተዋል፤ ይቅርም ብለውኛል። በልጃቸው ፎቶ ኮፒ ቤት በር ሳልፍ ግን ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ።