የጋሽ ሁመድ ጀልባ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሱቄ መጥቶ ናይለን ገመድ ጠየቀኝ። መርካቶ ውስጥ ገመድና ሲባጎ ስሸጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ደንበኞቼ ግን ዕቃ ጫኞች፣ ድንኳን ተካዮችና በግ ነጋዴዎች ናቸው። ይሄ ልጅ ቀጭኑን መርጦ ጣቱ ላይ ጠቀለለና፣ «ጋሼ፣ ዓሣ ይችላል?» አለኝ። ከዝዋይ ነው የመጣው። «ይችላል» አልኩትና መቀሱን ፍለጋ ገባሁ። ለካ መቀሱ እጄ ላይ ነበር።

አሰብ የሄድኩ ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ በመርከብ ያስመጣው ጨርቅ አሰብ ወደብ ላይ ቢያዝበት፣ «ሄደህ ተከታተል፣ በሁለት ሳምንት ትመለሳለህ» ብሎ ከአውቶቡስ ተራ አሳፈረኝ። በሰኔ የሄድኩ እስከ ኅዳር ከረምኩ። በየቀኑ ጉምሩክ ቢሮ እሄዳለሁ፣ «ነገ ና» ይሉኛል፣ ከዚያ በኋላ ቀኑ አያልቅም። ሙቀቱ ሸሚዝ ያስጠላል። እኔ ደግሞ ግርግር ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መቀመጥ አላውቅም። ስለዚህ የባሕሩን ዳር ይዤ ስሄድና ስመለስ እውላለሁ።

ጋሽ ሁመድ ያገኙኝ እንደዚያ ስንከራተት ነው። ሽማግሌ አፋር ናቸው፣ ዓሣ አጥማጅ፤ አማርኛውን ወደብ ላይ ለምደውታል። ያላቸው ሀብት ጎኗ ሰማያዊ የተቀባ፣ ሞተር የሌላት አንዲት የእንጨት ጀልባ ብቻ ነበረች። «አንተ ልጅ፣ አሸዋውን ልትጨርሰው ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «ና ቅዘፍ።»

ያን ክረምት ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ያለ ነበር። ፀሐይ ሳትወጣ እንሄዳለን፤ ገመዱን ጣታችን ላይ አድርገን እንጠብቃለን። «ጣትህ ይስማ፣ አንተ ዝም በል» ይሉኛል። ዝም ማለት ደግሞ የማልችለው ነገር ነው። ስንመለስ አንድ የመናዊ ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ ይጠበሳል። እናቴ የላከችልኝን አዋዜ ስለቀልቅበት ጋሽ ሁመድ ያዩኝና፣ «ዓሣው ምን አደረገህ?» ይላሉ።

ጥቅምት ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ደራክ የሚሉት ረጅም ዓሣ ወደ ዳር የሚቀርበው ያን ጊዜ ነው፤ ከባሕሩ ውስጥ ሲዘል እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ። ጋሽ ሁመድ ግን በየማለዳው አንድ እፍኝ አሸዋ ያነሱና ቀስ እያሉ ያፈሱታል። የት እንደሚበተን ያዩና፣ «ዛሬ መውጣት የለም» ብለው ይመለሳሉ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ዝናብ የለም። እኛ መርካቶ የምንፈራው ዝናብን ነው፤ ሰማይ ከጠራ ዕቃ ይዘረጋል፣ ገበያ ይደራል። በጋ ማለት ለእኔ የሥራ ወቅት ነው። የእሳቸው አገር በጋ የነፋስ ወቅት መሆኑን ማን ነግሮኝ። አርጅተዋል፣ ፈርተዋል አልኩ በልቤ።

አንድ ዓርብ መስጊድ ሲሄዱ ጠብቄ ጀልባዋን ወሰድኳት።

ብዙም ሳልርቅ እግሬን የሚያህል ደራክ ያዝኩ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም፣ አልዋሽም። ቀና ስል ግን ከተማው ርቋል። ቀዘፍኩ፤ ነፋሱ መለሰኝ። ደግሜ ቀዘፍኩ፤ የባሰ ወሰደኝ። ውሃው ጀልባዋ ውስጥ መግባት ሲጀምር መቅዘፌን ትቼ በጣሳ እቀዳ ጀመር። እናቴን እየጠራሁ ነበር።

ጋሽ ሁመድ ከመስጊድ ሲመለሱ ጀልባዋን ቢያጧት፣ ከጎረቤታቸው ጋር በእሱ ባለሞተር ጀልባ ደረሱልኝ። እኔን በክንዴ ጎትተው አወጡኝ፤ የራሳቸውን ጀልባ ከኋላ በገመድ አሰሩ። ማዕበሉ ግን ሞላትና እኛንም ወደ ታች ትስበን ጀመር። ጎረቤታቸው በቋንቋቸው ጮኸ። ጋሽ ሁመድ ቢላቸውን መዘው ገመዱን በገዛ እጃቸው ቆረጡት። ዞረው አላዩም። እኔ አየሁ፤ ሰማያዊው ጎኗ ሁለት ጊዜ ብቅ አለና ጠፋ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። እንደ ወትሮው ባሕሩ ዳር ተቀምጠዋል። አንድ እፍኝ አሸዋ አንስተው አፈሰሱና፣ «ዛሬም የለም» አሉኝ፣ ልክ ጀልባ እንዳለው ሰው። ከዚያ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ፤ ይዤው የመጣሁት ቃል ግን አልወጣ አለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ዕቃው ተለቀቀና ሳልሰናበታቸው መኪና ላይ ወጣሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። እመለሳለሁ ስል ዓመታት አለፉ፣ በኋላም መንገዱ ራሱ ተዘጋ።

ዛሬም ነፋስ የሱቆቹን ላስቲክ ሲያራግበው መቀመጥ ያቅተኛል። አሰብ መክረሜን የሚያውቁት ጎረቤቶቼ፣ «የጋሼ መርከብ መጣ» እያሉ ይስቁብኛል።

ያ የዝዋይ ልጅ ገመዱን ይዞ ከሄደ በኋላም መቀመጥ አልቻልኩም። ሱቁን ክፍት ትቼ በተሸካሚዎች መካከል እየተጋፋሁ ሮጥኩና ታክሲ ሊገባ ሲል ደረስኩበት።

«የምታጠምድበት ጀልባ የማን ነው?» አልኩት።

«የአጎቴ ነው ጋሼ፤ ምነው?»

«እንደምትወስደው ያውቃል?»

ልጁ አቀረቀረ።

«ሳትነግረው እንዳትነሳ» አልኩት። «ካጠፋህም አትሽሽ፤ ሂድና ንገረው።»

«እሺ ጋሼ» ብሎ ገባ፤ ታክሲውም ሄደ። ስመለስ ጎረቤቴ ሱቄን እየጠበቀልኝ ነበር። «ልጁ ምን ረስቶ ነው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። ያን ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ።