መንዝ ላይ በረዶ መሥራት

ፍሪጅ ጭኜ አገሬ ስገባ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ከሞላሌ ወጣ ብላ ያለችው መንደራችን በኅዳር ሣሯ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋባት፤ የከብት ማጠጫው ውሃ ቆዳ አውጥቶ ያድራል። እዚህ አገር ነው እንግዲህ ባለ ሁለት በር፣ በረዶ ሠርቶ የሚጥል ፍሪጅ በአይሱዙ ይዤ የመጣሁት።

"ምነው፣ ውርጩ አነሰህ?" አለኝ ጎረቤቴ ገመዱን እያገዘኝ ሲፈታ። "ቀድመህ ብትነግረኝ ከደጄ በአካፋ ዝቄ እሰጥህ አልነበር?"

ለዚያ ፍሪጅ ዕድሜዬን ሰጥቼበታለሁ። አዲስ አበባ የሰው በር ስጠብቅ ነው የኖርኩት። የዘበኛ ቤቴ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር የተለጠፈች ነበረች፤ ይኸው ፍሪጅ ከግድግዳው ወዲያ ሲያጉረመርም እየሰማሁ ነው ያደርኩት። ለአሠሪዎቼ እንግዶች በረዶ በሳህን አመላልሻለሁ። የእኔን የውሃ ጠርሙስ እንዳስቀምጥበት ግን አንድ ቀን የፈቀደልኝ የለም። ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው አዲስ አበባ ነው፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ የልጅ ልጅ ከሚሆኑኝ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ሰዎቹ አዲስ ሲገዙ "አሮጌውን ትፈልገዋለህ?" አሉኝ። እፈልገዋለሁ አልኩ። ምን ያሳፍራል?

ቤት ከገባ በኋላ ሚስቴ ቅቤዋን አስቀመጠችበት፤ በረዶ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እስከዚያ ስብሰባ ድረስ።

የእንስሳት ሐኪሟ፣ ገና ልጅ እግር ሴት፣ የመንደሩን ሰው ሰብስባ ለበግ ፈንጣጣ የክትባቱ ቀን መቆረጡን ነገረችን። መጀመሪያ እኛን ከትባ እዚሁ ታድራለች፤ በማግሥቱ ጓሳ ጥግ ወዳሉት መንደሮች ትወጣለች። ችግሩ በረዶው ነው። ከከተማ ይዛው የምትነሣው እኛ ጋ ሲደርስ ያልቃል፤ ክትባቱ ደግሞ ከሞቀ ምንም አይሠራም። አምና እንዲሁ በመንገድ ሞቆ ተደፋና የላይኞቹ በጎች ሳይከተቡ ቀሩ። ወዲያው ፈንጣጣው ገባ። እህቴ ያገባችው እዚያ ላይ ነው። ከመንጋዋ የተረፈላት አጎዛ ነበር። ዘንድሮ እንደገና ከጥቂት እንስት በጎች ጀምራለች።

"በዚህ ብርድ ምን በረዶ ያስፈልገዋል?" አሉ አንድ ሽማግሌ። "ውርጩ አይበቃም ወይ?"

"አባቴ፣ ረፋድ ላይ ውርጩ የት አለ?" አለቻቸው። "ሌሊቱ ይበርዳል፤ በቀትር ግን ለእርስዎም ጥላ ያስፈልግዎታል። ክትባቱን የሚገድለው ቀትሩ ነው።"

ያን ጊዜ ተነሣሁና "በረዶ እኔ ቤት አለ" አልኩ።

ሳቁ። ጎረቤቴማ ከተቀመጠበት ድንጋይ ሊወድቅ ነበር። "ሳጥኑ ሥራ ያዘ እንዴ?"

"በረዶ አለ አልኩ፣ አለ!" አልኩት። ሐኪሟ አልሳቀችም። "እንግዲያው በእርስዎ እተማመናለሁ፣ ጋሼ" ብላ ሄደች። ቃል ከአፍ ወጣ። እኛ አገር ቃሉን ያጠፈ ሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ጎኑ የሚቀመጥ አያገኝም፤ የእህቴ በጎችም አሉ።

ማታውኑ ውሃ ሞላሁበት። በነጋታው ስከፍተው መሳቢያው ባዶ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ከታች ትንሽ የውሃ መያዣ አለችው። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ውሃ እየሳበ ላይኛው ክፍል ያለች ገበታ ላይ ያፈሳል። ውሃው ሲረጋ ገበታዋ ትጠመዘዝና በረዶውን መሳቢያ ውስጥ ትጥላለች። እንደ ጣት ያለች ፕላስቲክ ደግሞ ወርዳ መሳቢያው መሙላቱን ትዳስሳለች፤ ጣቲቱ ወደ ላይ ከተነሣች "ሞልቷል" ብሎ ሥራውን ያቆማል።

ጣቲቱን አየሁ፤ መኪናው ሲያንገጫግጫት ወደ ላይ ተሰክታ ቀርታለች። አወረድኳት። ቱቦውን ነቅዬ ነፋሁት፤ አረንጓዴ ዝቃጭ ተፋ። በሙቅ ውሃ አጥቤ መለስኩት። ውሃው ወደ ገበታዋ ሲወጣ ጊዜ "አበቃ!" ብዬ ሚስቴን ጠራኋት። በማግሥቱ ስናይ ገበታዋ ላይ ውሃው እንደ ወተት ስስ ቆዳ አውጥቷል፣ ከሥሩ ግን ይዋኛል። ያልረጋ ውሃ ደግሞ አትጥልም።

መሐል ሜዳ ከተማ ላለ አንድ የፍሪጅ ጠጋኝ ስልክ ደወልኩ። "ጋዙ አልቆ ይሆናል፤ ሳላየው ምንም አልልህም፣ ይዘኸው ና" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እሱን ጭኜ ሄጄ እስክመለስ የክትባቱ ቀን ያልፋል። ጎረቤቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ይጣራል።

"ላሚቱ ወለደች?"

"ሂድ ወደ ሥራህ!"

"አይዞህ፣ መንታ ይሆናል የዘገየው።"

ፍሪጁን ያስቀመጥኩት ከቤታችን ሁሉ በሚቀዘቅዘው የድንጋይ ጓዳ ነበር። ፀሐይ የማያየው፣ እሳት የማይነድበት ነው። አስቤበት ነው ያደረግኩት፤ ብርድ ብርድን ያግዛል ብዬ። የመንዝ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

አንድ ጠዋት ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ስበሳጭ ሚስቴ የሱፍ ባናዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ቅቤ ልትወስድ ገባች። የፍሪጁን ጎን በእጇ ዳሰስ አደረገችው።

"እሱን ምን ትሰድበዋለህ?" አለችኝ። "እንደኔው ደንዝዞ ነው። በዚህ ጓዳ ማን ሥራ ይሠራል?"

ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ጆሮዬን ሰውነቱ ላይ ለጠፍኩ። ዝም። ያን ሁሉ ዘመን ሲያጉረመርምብኝ ያደረው አውሬ እዚህ ትንፍሽ አይልም። መብራት እንዳለ በሩ ሲከፈት የውስጥ አምፖሉ ይነግረኛል። ታዲያ ለምን አይነሣም?

ቁጭ ብዬ አወጣሁ አወረድኩ። ሞተሩ የሚነሣው ሆዱ ሲሞቅ ነው። ሙቀቱን የሚዳስሰው ነገር ያለው ደግሞ ታችኛው ክፍል፣ ቅቤው ያለበት ነው፤ ይህን አዲስ አበባ ሊጠግን የመጣ ሰው ሲናገር ሰምቻለሁ። እዚያ ይዳስሳል፤ ጓዳው ራሱ አቀዝቅዞለት ያገኘዋል፤ "በቃኝ" ይልና ይተኛል። ላይኛው፣ በረዶው የሚሠራበት፣ የሚቀዘቅዘው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። ጋዙ አላለቀም፣ ዕቃው አልተሰበረም። በረዶ የከለከለኝ ብርዱ ነው!

"ሞቅ ያለ ቦታ እንውሰደው" አልኳት።

"የት አለንና ሞቃት?"

"በጎቹ ጋ።"

አፏን በባናዋ ያዘች። "ፍሪጅ በረት ውስጥ? ሰው ምን ይለናል?"

"ሰውማ ብሎ ጨርሷል።"

በጎቻችን የሚያድሩት ከቤቱ ጋር በተያያዘ ዝቅ ያለ ክፍል ነው። ሌሊት በትንፋሻቸውና በፍጋቸው እንደ ምድጃ ዳር ይሞቃል። ሁለታችን ፍሪጁን እያራመድን፣ ይህን እግሩን አንዴ፣ ያን እግሩን አንዴ፣ ወሰድነው። ከሥሩ ሳንቃ አነጠፍኩ፣ ጀርባው እንዲተነፍስ ከግድግዳው አራቅሁት፣ የመብራቱን ገመድ በጣሪያው አሳለፍኩ። አውራው በግ ብቻ አስቸገረን። በሚያብረቀርቀው በር ላይ ራሱን አየና ሌላ አውራ መስሎት ወደ ኋላ ሄዶ ገጨው። ሚስቴ ፍሪጁን ጆንያ አለበሰችው፤ እኔም ፊት ለፊቱ አጣና አጠርኩ።

ያን ምሽት ራት ሳንበላ ያ የማውቀው ማጉረምረም በግድግዳው መጣ። ያን ድምፅ የምወደው አይመስለኝም ነበር።

ሲነጋ መሳቢያውን ሳብኩ። በረዶ! እንደ ጥርስ የነጣ፣ ደረቅ፣ እርስ በርሱ የሚንኳኳ። ሚስቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ በጎቹ እንዳይደነግጡ ብላ ተወችው። እኔ አንዱን አንሥቼ በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

"ላሚቱ ወልዳለች" አልኩት ጎረቤቴን፣ መዳፉ ላይ እያስቀመጥኩለት። "ጥጃውን ያዝ።"

አገላበጠው። ከዚያ እጁ ላይ እንደያዘው ወደ ሚስቱ ሮጠ፤ ልቡ ክፉ አይደለም፣ አፉ ነው።

ሐኪሟ እኛን ከትባ ባደረችበት ማግሥት፣ በጠዋት በፈረስ የሚጫነውን ሳጥኗን ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ በረዶው የት ነው?" አለችኝ።

"በረት።"

እያሾፍኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን አየችው። ተከትላኝ ገብታ ጆንያውን ስገልጥላት ግን በረዶውን ሳጥኗ ውስጥ አራገፈች፤ ሙቀት መለኪያዋን አስገብታ ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። እንደ ፍርድ ቤት ነበር።

"ይበቃል" አለች። "እስከ ማታም ይበቃል።"

አብሬያት ወጣሁ። ፈረሱን የሳብኩት እኔ ነኝ፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም አልኩ። ጓሳ ጥግ ስንደርስ የላይኞቹ በጎቻቸውን ይዘው ጠብቀውናል፤ የአምናው ስላቃጠላቸው ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ ነበር። ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እህቴ ተራዋ ደርሶ እንስቷን በግ በጉልበቷ መሐል ይዛለች። ሐኪሟ ሌላ ብልቃጥ ልታወጣ እጇን ወደ ሳጥኑ ሰደደችና ወዲያው መልሳ ሳበችው።

"ውይ! ጣቴን ቆረጠው!"

"አልቀለጠም እንዴ እስካሁን?" አለ ከኋላ የቆመ ሰው። "የከተማ በረዶ ነው? የማን ነው?"

እህቴ በጓን ሳትለቅ ቀና አለች። "የወንድሜ ነው" አለች።

እኔ ፈረሱን የማስተካክል መስዬ ዞርኩ።

"አልሰማሁሽም" አልኳት። "ድገሚው።"