ወደ ፍርስራሹ ከተማ በአክስቴ ቲኬት

እሳተ ገሞራ የቀበረውን የሮማውያን ከተማ ፎቶ አላምነውም ነበር። ምድጃ ውስጥ የተገኘው ዳቦ፣ ግድግዳ ላይ የተጫረው ስድብ፣ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው ድንጋይ፣ ሁሉም ቱሪስት ለመጥራት የተሠራ ይመስለኝ ነበር። ግጥም እጽፋለሁ፤ በዓይኔ ያላረጋገጥኩትን ስንኝ ውስጥ ማስገባት አልወድም። ዴንቨር አየር ማረፊያ አጠገብ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ላይ፣ ሄጄ ላየው እንደሆነ ለታክሲ ነጂ ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ፍርስራሽ ለማየት ጣልያን ድረስ? ና፣ የእኔን ሞተር ላሳይህ!»

ቲኬቱን የሰጡኝ አክስቴ ናቸው። አክስቴ ስል፣ ፒዮሪያ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ሴት ማለቴ ነው። እናቴ ሥራ ስትውል ከትምህርት ቤት ተቀብለው ያበሉኝ ነበር፤ የሥጋ ዝምድና ግን የለንም። የሚሠሩት አየር መንገድ ውስጥ ነው፣ የመንገደኛ ሻንጣ እየተመዘነ የሚገባበት ቦታ ላይ። ሠራተኛ፣ ወንበር ሲተርፍ ብቻ የሚያሳፍር ርካሽ ቲኬት ለሌላ ሰው መስጠት ይችላል። መሸጥ ግን አይችልም። ሸጦ የተገኘ ይባረራል።

«ደህና ሸሚዝ ልበስ። ከማንም ጋር አትከራከር» አሉኝ።

«ለምን ለእኔ ሰጡኝ?»

«ኧረ ጥርጣሬህ! ገና በልጅነትህም ወጡን ሳታሸት አትጎርስም ነበር።»

ዴንቨር፣ መሳፈሪያው በር ላይ የቆመችው ሠራተኛ ስሜን ጠርታ ኮምፒውተሯን አየች።

«ቲኬቱን የሰጠችህ ምንህ ናት?»

«አክስቴ።»

«የእናትህ እህት ናት የአባትህ?»

የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልኩ። ፊቷ ተለወጠ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ አክስቴ ሲያስመዘግቡኝ «ጓደኛ» ብለው ነበር፤ ቅጹ ላይ ለእኔ ዓይነቱ ሌላ የሚመረጥ ቃል አልነበረም።

«ወንበር ተገኝቷል፣ ግባ» አለች በመጨረሻ። «ጉዳዩን ግን ለአለቃዋ አሳውቃለሁ።»

ለአክስቴ መልእክት ላክሁ። «ሂድ» ብቻ አሉኝ። ያቺን አጭር መልስም ጠረጠርኳት። ብመለስ ደግሞ ጥፋተኛ እንመስላለን። ሄድኩ።

ጣልያን፣ ፍርስራሹ ከተማ በር ላይ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ላስጎብኝህ አለኝ። መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ እሱን አይመስልም፤ አለፍኩት። በነጻ ለመስማት ከአንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቡድን ኋላ ኋላ ስከተል፣ አስጎብኚዋ እኔ በተጠጋሁ ቁጥር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። አንዳንዱ ግድግዳ አዲስ ሲሚንቶ አለበት፤ አላልኩም? የምድጃው አፍ ግን ውስጡ እንደጠቆረ ነበር። ጎማ የቦረቦረው ድንጋይ ውስጥ እጄን ከተትኩ። ለስላሳ ነው፣ ጥልቅም ነው። ማንም ለማስመሰል ይህን ያህል አይደክምም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ስልኬን አየሁ። ምንም የለም።

ምግብ ቤት ላለመግባት በሶ ይዤ ነበር። ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ዱቄቱን ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ስጨምር ጠባቂው መጣ።

«ምንድን ነው?»

«ገብስ ነው። ምሳዬ።»

ላስቀምሰው ጠርሙሱን ስዘረጋለት ራሱን ነቅንቆ ሄደ፤ ጥግ ላይ ቆሞ ግን እስክጨርስ ያየኝ ነበር። ገና ክዳኑን ሳልገጥም ስልኬ ጮኸ።

«አለቃዬ ጠርቶኝ ነበር» አሉ አክስቴ። «እሱ አክስቴ ናት ይላል፣ አንቺ ጓደኛዬ ነው ብለሻል፤ ማንኛችሁ ናችሁ የምትዋሹት? አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ማንም አልዋሸም፤ ልጁ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ተናግሮት ነው አልኩት። ታዲያ ስንት የእህት ልጅ አለሽ? አለኝ። ሕንፃው ሙሉ! አልኩት።»

አልሳቅሁም። «ከዚያስ?»

«ቲኬት መስጠት ለጊዜው ከልክለውኛል። የአንተ መመለሻ አልተነካም።»

«ሥራውስ?»

«ይኸው ሥራ ላይ ነኝ።»

ቶሎ ነው የመለሱልኝ። እኔን ላለማሳቀቅ ቤታቸው ቁጭ ብለው እንዲህ ሊሉኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ።

«እስቲ ስልኩን ከጆሮዎ ያርቁልኝ።»

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

«አንዴ ብቻ፣ በእናትዎ።»

ተነፈሱ። ከዚያ ሹክሹክታ የመሰለ ጫጫታ መጣ። ሌላውን ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ። የሻንጣ ጎማ የሚመስል ነገር ሰማሁ፤ መንገድ ላይ ያለ ጋሪም ሊሆን ይችላል። ሕፃን አለቀሰ። ሕፃን የትም ያለቅሳል። ቀጥሎ ከባድ ነገር ድም ብሎ ወደቀና የአክስቴ ድምፅ ከሩቅ መጣ፣ ለእኔ ሳይሆን ለማላውቃት መንገደኛ፣ በዚያ በሚጎትቱት እንግሊዝኛቸው፦

«ቀና አድርገሽ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪው፣ የእኔ ልጅ።»