በስልክ ቁጥር መፈለግ

ቂመኛ ነኝ፤ አልደብቅም። የበደለኝን ሰው ቀኑንና የለበሰውን ሸሚዝ ሳይቀር አስታውሳለሁ። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ በሰው ፊት ያዋረደኝ ቀን ቡናማ ሹራብ ለብሶ ነበር።

ያኔ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል የስድስት ወር ኮንትራት ይዤ ነበር። ሥራዬ የታካሚዎችን ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማዞርና ሲስተሙን ማስተካከል ነው። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ወይ ቋሚ እሆናለሁ፣ ወይ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እናቴ ቤት እገባለሁ። ዲግሪዬን ይዤ ሁለት ዓመት እዚያው ቤት ተቀምጫለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «እስካሁን ሥራ አላገኘሽም?» እያለ ጆሮዬን በልቶታል። ወደዚያ ከመመለስ ሐይቁ ውስጥ ብገባ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር ስብሰባ ተጠራ። ሰውዬው ብድግ አለ። በአፌ አንቱ እለዋለሁ፤ ዕድሜው የአባቴ ነውና። በልቤ ግን አንቱታውን ከነፈግኩት ቆይቻለሁ። «ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ካርድ ይጠፋል» አለ። «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ከመደርደሪያው የማወጣውን እሷ ዓይኗን አፍጥጣም አታገኘውም!» ሰው በሳቅ ፈነዳ። ቋሚ የምታደርገኝ ወይም የምታሰናብተኝ ሥራ አስኪያጇ ዶክተር እንኳ ከንፈሯን ነክሳ ነው ሳቋን የያዘችው። እርር ድብን አልኩ። ጠብቅ ብቻ አልኩ በሆዴ።

ካርድ የሚጠፋበትን ምክንያት ግን አውቀው ነበር። ሲስተሙ የሚፈልገው በካርድ ቁጥርና በስም ብቻ ነው። ቁጥሩን ታካሚው ይረሳዋል። ስሙን ስታስገቢ ደግሞ የራሱንም የአባቱንም ስም የሚጋሩት ሁሉ ተሰልፈው ይመጡልሻል። መስኮቱ ላይ ሰልፉ ሲረዝም የሰውዬው ሠራተኞች መፈለጉን ይተዉና አዲስ ካርድ ያወጣሉ። አንድ ሰው ሦስት ካርድ ይኖረዋል፤ ከዚያ «የድሮው ጠፋ!» ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሴቲንጉ ውስጥ የምንሞላቸው ነገሮች ሁሉ ተዘርዝረዋል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ ሌላም ሌላም። ከእያንዳንዳቸው አጠገብ ትንሽ ሳጥን አለች። ቲክ ካደረግሻት በዚያ ነገር መፈለግ ይቻላል፤ ካላደረግሻት መረጃው እዚያው ተቀምጦ ማንም አያገኘውም። ሳጥኖቹን የመንካት ሥልጣን ደግሞ የእኔ ብቻ ነበር። ስልክን ልሞክር ብዬ ከፈትኩ። ያኔ ነው አንድ ቁጥር እየደጋገመ የመጣብኝ፤ ታካሚው ሌላ፣ ቀበሌው ሌላ፣ ስልኩ አንድ። ቁጥሩን አየት ሳደርገው አወቅኩት። ካርድ መስኮቱ ላይ በትልቁ ተጽፎ የተለጠፈው የሰውዬው ቁጥር ነው!

እሰይ! አልኩ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ስልክ ካልተሞላ ሲስተሙ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም፤ ግዴታ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይሄ ሰነፍ መጠየቁ ሰልችቶት የራሱን ቁጥር እየለጠፈ ሲያሳልፍ ከርሟል ማለት ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የስልኳን ሳጥን መልሼ ዘጋሁና ኮንትራቴ የሚታይበትን ስብሰባ መጠበቅ ጀመርኩ። እስከዚያው ስህተቱን ሁሉ ለቀምኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ መናኸሪያ በኩል እየወጣ አርፍዶ ሲመለስ ሰዓቱን እመዘግብበት ነበር። መስኮቱ ላይ ከገጠር ከመጡ ሰዎች ጋር በሲዳሙ አፎ ረጅም ወሬ ይይዛል። ቋንቋውን አልሰማም፤ ሲስቁ ግን በእኔ የሚስቁ ይመስለኝና ደሜ ይፈላል።

የስብሰባው ቀን ጠዋት ሳጥኗን ቲክ አደረግኩ። የኮምፒውተሩን ገጽ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራሁና ከዛሬ ጀምሮ በስልክ ቁጥርም መፈለግ ይቻላል አልኩ። ሰውዬው እንደ ልማዱ አፉን ጠምዝዞ «እስቲ እናያለን» አለ። ይቺን ነበር የምጠብቀው።

«እስቲ ይሞክሩት ጋሼ» አልኩት በማር ድምፅ። «የራስዎን ቁጥር ያስገቡ።»

መጣ። በአንድ ጣቱ እየለቀመ አስገባ። ስሞቹ ግድግዳው ላይ መውረድ ጀመሩ፤ ወረዱ፣ ወረዱ፣ ገጹ አላልቅ አለ። የሳቀ ሰው የለም። ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ መልሳ አደረገች። «ይሄ ሁሉ ታካሚ በእርስዎ ስልክ ነው የተመዘገበው?»

ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «አዎ፣ የእኔ ነው» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! በዚያው ሳምንት የሐሰት መረጃ በመሙላት ተብሎ ከካርድ ክፍል ተነሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ። እኔ ቋሚ ሆንኩ። ደብዳቤውን በተቀበልኩበት ቀን የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ የእሱን ቁጥር ከእያንዳንዱ ካርድ ላይ መሰረዝ ነው። በእጄ፣ አንድ በአንድ፣ እያጣጣምኩ ሰረዝኩት። በቦታው «ስልክ የለም» የሚል ምርጫ አስገባሁ።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ አንዲት ሴት ከቱላ ማዶ ካለ ገጠር መጣች። መስኮቱ ላይ ቆማ ሰውዬው የት እንዳለ ጠየቀች፤ በጥበቃው አስተርጓሚነት ነው የተግባባነው። እህቷ ለምርመራ ናሙና ሰጥታ ነበር። «ውጤት ሲደርስ እሱ ነው የሚያስጠራን፤ አሁን ዝም ሲለን እህቴ ደህና ናት ብለን ተቀመጥን» አለች። የእህትየዋን ካርድ ከፈትኩት። ውጤቱ ከደረሰ ከርሟል፤ ከላይ «በአስቸኳይ ትጠራ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ የእኔ «ስልክ የለም» አለ።

ጥበቃው ገርሞት አየኝ። «አታውቂም እንዴ? ላቦራቶሪዎቹ ካርዱ ላይ ያለውን ስልክ አይተው ለእሱ ነው የሚደውሉት። ስልክ ለሌለው ሰው የራሱን ይሰጥና፣ ሲደወልለት በምሳ ሰዓቱ መናኸሪያ ሄዶ በዚያ መንገድ ለሚሄዱት ሾፌሮች ስምና ሰፈር በወረቀት ጽፎ ይልካል። መስኮቱ ላይ ያን ሁሉ የሚያወራው የማን ቤት አጠገብ እንደሆኑ እየጠየቀ ነው።»

እህትየዋን በማግስቱ አመጧት። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ «ያኔ መጥታ ቢሆን» ብሎ ቀሪውን ዋጠው፤ አልጋ ያዘች።

ግምጃ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም፤ እውነቱን ልናገርና ተናድጄ ነው የሄድኩት። በሰው ፊት አዋርዶኝ፣ ተበቅዬው እፎይ ካልኩ በኋላ በቀሌን ደግሞ አፈር ያስበላብኛል! ጓንት እየቆጠረ አገኘሁት።

«ለምን ያን ቀን አልተናገሩም?» ጮህኩበት። «አፍ አልነበረዎትም?»

«ቁጥርዎን ያስገቡ አልሽኝ፣ አስገባሁ» አለ መቁጠሩን ሳያቆም። «ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ?»

ስለ ሴትየዋና ስለ እህቷ ነገርኩት። እጁ ጓንቱ ላይ ቆመ፤ የሚሄዱበትን ቤተ ክርስቲያንና ቤታቸው ያለበትን ዳገት ጠርቶ እነሱ መሆናቸውን አረጋገጠ።

«ውጤቱ የደረሰው መቼ ነው?» አለኝ።

«ቋሚ በሆንኩ በሦስተኛው ቀን» አልኩት።