«ነይ ብቻ» ያለኝ ሰውዬ

ሰው አፓረንት፣ ለተግባር ልምምድ ማለት ነው፣ የሚወጣው ሳይመረቅ ነው። እኔ ግን ተመርቄ፣ ጋዎን ለብሼ የተነሣሁት ፎቶ ሳሎን ተሰቅሎ፣ መስታወቱም ደጋግሞ ከተወለወለ በኋላ ነው የወጣሁት። የእኛ ክፍል ወደ እርሻ በሚወጣበት ዓመት መንገድ ተዘጋ ተባለና ከግቢው ጀርባ አንድ የጎመን መደብ ሰጥተው «ይኸው ተግባር» አሉን። የዕፅዋት ሳይንስ ምሩቅ ነኝ፤ ከዚያ ጎመን በቀር በእጄ ያበቀልሁት ነገር የለም። እሱንም ሳይደርስ የጥበቃው በግ በላው።

ከዚያ ወዲያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ነው። «ዜሮ ዓመት» የሚል ከወጣ፣ ልምድ አንጠይቅም ማለት ነውና፣ የሚግተለተለው ሕዝብ ለጥምቀት ወደ ቀሐ ወንዝ ከሚወርደው አይተናነስም። የቀረው ሁሉ የሥራ ልምድ ያላት ነው የሚለው። ልምዱን ከየት ላምጣው? ሥራ ሳይሰጡኝ ልምድ ከሰማይ ይዘንብልኛል? ይህን ጮክ ብዬ ስናገር አጠገቤ የቆሙት ይስቃሉ፤ ከዚያ ሁላችንም ወደ ሰሌዳው እንዞራለን።

የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ እናቴ ሆስፒታል ነርስ ናት። ጓሮ ያሉትን ክፍሎች ለተማሪ እናከራያለን። እነሱ ይገባሉ፣ ይመረቃሉ፣ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ፤ እኔ በር እከፍትላቸዋለሁ። እናቴ በዚያ ዓመት ጡረታ ልትወጣ ነበር። አንድም ቀን «ምነው ልጄ፣ እስከ መቼ?» ብላኝ አታውቅም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ከአዳር ተራ እግሯ አብጦ ስትመለስ ቁርስ አቀርብላታለሁ፣ «ተባረኪ» ትለኛለች፤ እኔ የጀመርሁትን ሳልጨርስ እነሣለሁ።

አንድ የቀድሞ መምህሬ መንገድ ላይ አገኘኝና አዘነልኝ መሰለኝ፣ ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ከዳባት ወዲያ የድንች ዘር የሚያባዛ ሰውዬ አለ አለኝ። «ሁለት ወር አብረሽው ከሠራሽ የልምድ ወረቀት ይጽፍልሻል፤ ከወደደሽም እዚያው ያስቀርሻል።» እኔ የሰማሁት «ያስቀርሻል» የምትለዋን ብቻ ነው።

ደወልሁ። ሰውዬው ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። «ምነው እስካሁን ሳትደውይ? ነይ የኔ ልጅ፣ ነይ ብቻ! ሥራ ምን ይጠፋል፤ አገሩ ሸጋ ነው፣ ብርዱን ብቻ ቻይው» አለኝ። ሳምንት ቆይቼ ደግሜ ደወልሁ፤ እምነት ማጣት ለምዶብኝ ነው። «ነይ ብያለሁ እኮ፣ ነይ ብቻ» አለኝ። ሲያወራ ድምፁ ደስ ይላል፤ አጎት ያለኝ መሰለኝ።

እናቴ ለዕድሩ ሴቶች በሙሉ «ልጄን ድርጅት ጠራት» ብላ አወጀች። ኧረ ልምምድ ነው ብላት «ልምምዱ ሲያልቅ ሥራ ነዋ» አለች። በሶ ፈጨች፣ ዳቦ ቆሎ ቆላች፣ የራሷን ጥቁር ካፖርት አውልቃ ሰጠችኝ። የዚያን ዕለት ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ይህ ካልሆነ በቃ፣ ሌላ በር አላንኳኳም። እሷም ሳልነግራት ይህንኑ ያወቀች ይመስል፣ ቦቲ ጫማ ስትገዛልኝ ውድ የሆነውን መረጠች።

ግንቦት ነበር። ማለዳ መነኸሪያ ስደርስ ተሳፋሪው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይ? ረዳቱ «ለጊዜው» ብሎ ይመልሳል። ወለቃ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የመንገዱን ዳር አይተው «የዚህ አገር ሸክላ ሠሪዎች ጠቅልለው እስራኤል ገቡ፣ ተገላገሉ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ዳገቱን ስንወጣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ፤ አምባ ጊዮርጊስን አልፈን እስክንሄድ ድረስ ከአስፋልቱ በቀር ያየሁት ነገር የለም።

ኬላ ላይ አውርደው ፈተሹን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ አዲሱን ቦቲ አወጣና «ይኼ ለምንድን ነው?» አለኝ። ለእርሻ ነው አልሁት። ምን ተማርሽ አለኝ፣ ነገርሁት። «ድንች ለመትከል ዲግሪ!» ብሎ ለጓደኛው አሳየው፤ ሳቁ። ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥሁት። መንገድ ላይ ነኝ፣ ሥራ ልጀምር ነው፣ ዛሬ ከማንም ጋር አልጣላም ብዬ ነው።

ከዳባት ትንሽ አልፈን ወረድሁ። ሚኒባሱ ሄደ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ካፖርቱን እስከ አንገቴ ቆለፍሁት። አንዲት ሴት ቅርጫት በራሷ ተሸክማ ስትመጣ አየሁና የድንች ዘር እርሻ ያላቸው ሰውዬ ቤት የት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ቅርጫቱን አወረደች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ካፖርቱንም ቦርሳውንም።

«አዬ የኔ እመቤት! አልሰማሽም ኖሯል» አለች። «ትናንት ቀበርነው እኮ። ሆዴን አለ፣ ተኛ፣ በዚያው ቀረ።»

«ውይ!» አልሁ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ነፍስ ይማር አልነበረም። ታዲያ እኔስ? ነው ያልሁት በሆዴ። ዞሬ አስፋልቱን አየሁት፤ መኪና የሚባል ነገር የለም። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ ሐዘን መሰላት። ቅርጫቷን መልሳ በራሷ አድርጋ በአንድ እጇ ቦርሳዬን አነሣች። ኧረ እኔ ልመለስ ብላት ቆጣ አለች፤ «ደጁ ደርሰሽ ልትመለሺ? ነውር አይደለም? ነይ፣ ብቻሽን አትገቢም፤ አብረን እንገባለን።»

ወንዶቹ ከቤቱ ፊት ሸራ በተወጠረበት ዳስ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ከጎን ባለው የዘር መጋዘን ውስጥ ናቸው። ገና ስገባ ዓይኔ የሄደው ወደ መደርደሪያዎቹ ነው፤ የተማርሁት ነገር ነው። የዘር ድንች እንዲህ ባለ በርብራብ በተሠራ መደርደሪያ ላይ፣ ብርሃን እየገባለት፣ ጎንቆል፣ ቡቃያ እንደማለት፣ እያወጣ ዝናቡን ይጠብቃል። በግንቦት ሞልቶ መፍሰስ ነበረበት። መደርደሪያው ላይ ያለው ጎረቤት ያመጣው እዝን ነው፤ በሌማት በሌማት የተሸፈነ እንጀራ። ድንች አንድም የለም። ሌላ ቦታ ይሆናል ያዞሩት ብዬ ራሴን አታለልሁ።

ይዛኝ የገባችው ሴት እሪ አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ የእናቴ እግር ትዝ አለኝ፣ በሶው ትዝ አለኝ፣ ውዱ ቦቲ ትዝ አለኝና ለቀቅሁት። እንዲህ አልቅሼ አላውቅም፤ አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲህ አልጮኽሁም። ሁለት ዓመት የዋጥሁት ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጡኝ፣ ፊቴን በነጠላ ጠረጉኝ። «ምን ያለ ሰው ነበር ባካችሁ!» ይባባላሉ። አስለቃሿ ወዲያው ሙሾዋ ውስጥ አስገባችኝ፤ ከጎንደር ድረስ የተማረች ልጅ ያስለቀሰ ብላ አወደሰችው። እሱን ስሰማ ይባስ ብዬ አለቀስሁ።

በዚህ መሐል እናቴ ደወለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው።

«ደረስሽ?»

«ደረስሁ።»

«ተቀበሉሽ?»

«በደንብ ተቀበሉኝ።»

«ያ ጫጫታ ምንድን ነው?»

«ሰው ነው። ብዙ ሰው አለ።»

«እሰይ! ትልቅ እርሻ ነዋ!» አለች። መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልሁም።

ከሴቶቹ ጋር መጋዘኑ ውስጥ አደርሁ። ጠዋት ደጅ ወጥቼ ፊቴን ስታጠብ የሟቹ ሚስት ከኋላዬ መጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ድምፅዋ ተዘግቷል። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ወዲያ ወዲህ አይታ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ ትናንት አለቃቀስሽን አየሁት። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነው ያደርሁ። እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም። ከውጭ የወለደሽ ልጁ ነሽ?»

«ኧረ አይደለሁም እናቴ! በማርያም!» አልሁ። ፊቷ ላይ ያለውን ጭንቀት ሳይ ሁሉንም ዘረገፍሁላት፤ ምርቃቱን፣ ስልኩን፣ ሁለት ወሩን፣ ያስቀርሻል መባሌን። ሰምታኝ ስትጨርስ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

«አንቺንም ነይ አለሽ?» አለች። «ወይ የኔ ጌታ! ባለፈው ሳምንትም ሁለት ወንዶች መጥተው ነበር። ድንች እንኳ ከገበያ ገዝቶ ቀቅሎ አበላቸው፤ አሳድሮ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ሞክሩኝ ብሎ ሸኛቸው። ሰው አሳፍሮ መመለስ አይሆንለትም። ዘሩ አምና መንገድ ሲዘጋ ገዢ አጥቶ እዚሁ በስብሶ አለቀ። ዘንድሮ የምንተክለው የለንም። አይሆንም በል እለዋለሁ፤ ‹እንዴት አድርጌ? እናታቸው ስንቅ እያዘጋጀች› ይለኛል።»

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ በገንሁ። አፈሩ ሳይደርቅ ሰውዬውን በሆዴ ሰደብሁት። አንድ «የለም» ቢለኝ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። እናቴ በሶውን ባልፈጨች፣ ዕድሩም ባልሰማ። ያ ደስ የሚለው ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ መጣና ይበልጥ አናደደኝ፤ ምክንያቱም ውሸት አልነበረበትም። እውነት እንድመጣ ፈልጎ ነበር። እኔም ብጠየቅ ከሱ የተለየ አልመልስም፤ ትናንት ለእናቴ ያልሁትን አልሁ እኮ።

ይህን እያብሰለሰልሁ ሳለ ስልክ ጮኸ። የሟቹ ስልክ ነው፤ መጋዘኑ በር ላይ ከሶላሩ ጋር እንደተሰካ ነበር። ሚስቱ አመጣችውና ሰጠችኝ። «አንቺ አንሺው፣ እኔ አልችልም። ማንም ይሁን ንገሪው» አለች።

«ሀሎ፣ ጋሼ እንደምን አደሩ!» አለ ወጣት የወንድ ድምፅ፣ ቸኩሎ። «ከሳንጃ ነኝ፣ ያ ተመራቂው። ሰኞ ለመምጣት ተዘጋጅቻለሁ፤ ብርድ ልብስም ይዣለሁ። ለማረጋገጥ ያህል ነው።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሰውዬው ሊለው ያልቻለውን እኔ ልበለው አልሁ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ከዚህ መንገድ ይዳን።

«ወንድሜ፣ ሰውዬው አርፈዋል። ከትናንት ወዲያ ነው የተቀበሩት። እርሻውም ላይ ዘር የለም። ሥራ የለም። እባክህ አትምጣ።»

ችኮላው ከድምፁ ጠፋ።

«አንቺ ማነሽ?»

«እኔም እንዳንተው ነኝ። ለልምምድ ነይ ብለውኝ የመጣሁ ነኝ።»

«መቼ መጣሽ?»

«ትናንት።»

«አሁን የት ነሽ?»

«እዚሁ፣ እርሻው ላይ።»

«ስልካቸውንም የያዝሽው አንቺ ነሽ።»

«ስማኝ፣ እንደሱ አይደለም…»

«ገባኝ እህቴ፣ ገባኝ» አለ። ድምፁ ወረደ እንጂ አልተቆጣም። «እኔም ብሆን ቦታውን ለሰው አልሰጥም። ግን ለሥራ ብለሽ ሰው አትግደይ። በይ፣ እንኳን ደስ አለሽ።»

ዘጋው። መልሼ ደወልሁ፤ አያነሣም። ደገምሁ፤ አያነሣም። ሰኞ መምጣቱ አይቀርም፤ መኪና ካገኘ፣ መንገዱም ክፍት ከሆነ። «እንኳን ደስ አለሽ» ያለኝ ሰው ከምርቃቴ ቀን ወዲህ እሱ የመጀመሪያው ነው።

ሚስትየው ጥግ ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ነፍስ ይማር አለ» አልኋት።

«አሜን» አለችና ስልኩን ከእጄ ተቀብላ አጠፋችው።